ለዓሣ የተገዛ ቮድካ

ጠርሙሱን በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ። ውሃ የጨመርኩበትም እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ከመሃል ብጀምር ራሴን ደህና ሴት አድርጌ እንደማወራ ስለማውቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው እንከን በየት በኩል እንደሚደበቅ አይጠፋውም።

ጠርሙሱ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጋሼ ነው የምለው። እሱ ደግሞ መርፌ ይለኛል፤ ስለምሰፋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምላሴንም ቆጥሮ ነው። ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ሱቁ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ይውላል። አሥራ አንድ ዓመት ጠጥቷል። ዝርዝሩን ልተወው፤ ሚስቱ ጥላው ሄደች፣ አንዲት ሴት ልጁ አኮረፈችው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሰዓት ብሎን መያዝ አቃተው፤ ይኸው ነው። ከዚያ ተወ። ሐኪሙ የመጠጥን ቦታ ይሞላለት ይመስል አንድ ከረጢት ቫይታሚን ሰጠው፣ እሱም ከረጢቱንና አንድ ሻንጣ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ሳሎኔን ለሁለት ተካፈልነው፤ በመስኮቱ በኩል እኔና የስፌት መኪናዬ፣ በግድግዳው በኩል እሱ።

ብርጭቆ የተወ እጅ አንድ ነገር መያዝ ይፈልጋል። በመጣ በሁለተኛው ወር ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አስገባ። የወንዝ ዓሣ የሚኖርበት ዓይነት አይደለም፤ ጨው ተለክቶ የሚበጠበጥበት፣ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ነፍስ ያላቸው ኮራሎች የሚያድጉበት፣ የባሕር ወለል ቆርጠው ያመጡት የሚመስል ገንዳ ነው። መጀመሪያ የገዛት ዓሣ ቢጫ ነበረች፣ መዳፍ የምታክል። እሜቴ አላት። ጋሼ ከሥራ ሲገባ መስታወቱ ድረስ መጥታ ትቀበለዋለች፤ ጣቱን ሲነክር ትጠጋዋለች። እኔ ስጠጋ ግን እንደ ክፉ አማት ጀርባዋን ትሰጠኛለች። አሁን ሳስበው ሰው ታውቅ ነበር።

ቮድካው የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ኮራሎቹ ደበዘዙ፣ መስታወቱም በየሁለት ቀኑ አረንጓዴ መልበስ ጀመረ። ጋሼ ዓሣ ሻጩን ይዞት መጣ። ሰፈሩ ፕሮፌሰር የሚለው ሰው ነው፤ ሁለት ዓሣ ገዝተህ ሁለት ሰዓት ትምህርት ሰምተህ ነው የምትወጣው። ሻይ አቀረብኩለትና ትምህርቱ ተጀመረ።

«ከምግቡና ከዓሣው ኩስ ቆሻሻ ይጠራቀማል» አለ። «ያንን የሚበላ፣ ዓይን የማያየው ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያው እንዲራባ ግን ካርቦን ይፈልጋል፤ ስኳር በለው፣ አልኮል በለው። በየቀኑ ጥቂት ቮድካ ስትሰጠው ይራባል፣ ቆሻሻውን ይበላል፣ ከዚያ ውሃውን አረፋ እያደረገ የሚያጣራው ማሽን ከነሆዱ ጠርጎ ያወጣዋል። ለኮራሎቹ ደግሞ ቫይታሚን ሲ፣ በማንኪያ ጫፍ።»

«ምን ስትሰጠው?» አልኩ።

«ቮድካ። ንጹሕ ስለሆነ ነው። ግን በልኩ! ከበዛ ባክቴሪያው ገንዳውን ወተት ያስመስለዋል፤ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ጥርግ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ስትጨምርም በቀስታ፣ ውሃውን እየመረመርክ።»

«እዚህ ቤት ቮድካ አይገባም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ፕሮፌሰሩ ደንግጦ ኮምጣጤም እንደሚሆን፣ ብቻ ብዙ እንደሚፈጅ ተናገረ። ጋሼ ግን ሳቀ።

«መርፌ፣ ቁጭ በይ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እሱን ሳይሆን እሱ እኔን ነው የጠጣኝ። አሁን በስሪንጅ እየለካሁ ለባክቴሪያ አበላዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ብድር መመለሻ ከየት አገኛለሁ?»

ቁጭ አልኩ።

ጋሼ መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ አይገባም፤ ጠርሙሱን የሚገዛለት ፕሮፌሰሩ ነው፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከዓሣ ምግቡ ጋር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ይከፍትና፣ ሊጠልቅ እንደተዘጋጀ ዋናተኛ አየር በረጅሙ ስቦ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ክዳኑን ይፈታል፣ በስሪንጁ ሁለት ሲሲ ይቀዳል፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ጠርሙሱን ይመልሳል፣ የቁም ሣጥኑን በር ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። ሽታው እንዳይደርሰው ነው። ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ስሪንጁን ከራሱ አርቆ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ገንዳው ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ከዚያ በክር በተንጠለጠለች ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ሲሲውን፣ የውሃ መመርመሪያው ያሳየውን ቀለም። ያቺን ደብተር አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም። የሰው ጽሑፍ አልነካም፣ ነውር ነው እላለሁ። ጠርሙስ ግን እነካለሁ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ደግሞ እባቡን ጫማ ውስጥ ተሸጉጦ፣ በሳሙና ዕቃ ተገልብጦ፣ ትራስ ውስጥ ተሰፍቶ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ትራሱን ራሴ ነበርኩ የሰፋሁት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሱ ሱቁ ሲሄድ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ጠርሙሱን ከታች እስከ ፈሳሹ ድረስ እለካለሁ። በሳምንት ሦስት ሚሊሜትር ይጎድላል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤ ለወራት። ልቤም ረጋ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነ።

ደግሜ ለካሁ። ሜትሩ ያረጀ መስሎኝ አዲስ አውጥቼ ለካሁ። ስድስት ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜም ስድስት። እንዲህ ሲሆን ማንም ጤነኛ ሰው «ጋሼ፣ ቮድካው ምነው ቶሎ ቶሎ ጎደለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ አልጠየቅኩም። ይዋሸኛል ብዬ ነው፤ ድሮ ይዋሸኝ ነበርና። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሴት፣ ለራሴ ሲሆን ሥሩን ትቼ ወደ ውሃው ሄድኩ።

ግማሹን ቮድካ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁና ጠርሙሱን ቀድሞ እስከነበረበት ድረስ በቧንቧ ውሃ ሞላሁት። ሁለቱም የጠሩ ናቸው፣ በዓይን ማን ይለያቸዋል? በልቤ የያዝኩት ወጥመድ እንዲህ ነበር፤ የሚጠጣ ከሆነ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንስለታል። ደግሞም የመጠጥ ሰው ውሃ የገባበትን በአንድ ጉንጭ ያውቃል፤ ያውቅና ይነጫነጫል፣ ያን ጊዜ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ።

ጋሼ አልተነጫነጨም። እኔም «አይ ብልጠት! አውቆ ነው ዝም ያለው» አልኩ። ትንፋሹን ይዞ የሚቀዳ ሰው፣ ሽታውን እንኳን የሚሸሽ ሰው፣ ውሃ መግባቱን በምን ሊያውቅ ይችላል ብዬ አላሰብኩም። አለማወቁ ንጹሕ መሆኑን ይመሰክርለት ነበር። እኔ ግን ተንኮል ብዬ ያዝኩበት።

በሦስተኛው ሳምንት ጠርሙሱ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ጎደለ። ቀጠነበትና እጥፍ አድርጎ ይጠጣው ጀመር አልኩ። እንደገና ግማሹን ደፍቼ ውሃ ጨመርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ከሁለት ሴንቲ በላይ መጉደል ጀመረ፤ እኔም ባረጋገጥኩ ቁጥር የባሰ ትክክል የሆንኩ መሰለኝ።

ልጁ የደወለችው ያን ሰሞን ነው። ሌላ ከተማ ነርስ ናት። አባቷን ካናገረችው አምስት ዓመት አልፏታል፤ ለእኔ ግን በየወሩ ትደውላለች።

«አክስቴ፣ አርግዣለሁ» አለችኝ። በደስታ ልጮህ ስል አቋረጠችኝ። «ቆይ። ልጄ አያት እንዲኖረው እፈልጋለሁ። የባለቤቴ አባት በሕይወት የለም፤ ያለው አባዬ ብቻ ነው። ግን እኔ ያደግኩትን አስተዳደግ እንዲያድግ አልፈልግም። አንቺ አብረሽው ነው የምትኖሪው፤ እውነቱን ንገሪኝ። ትቷል?»

ምነው ያን ጊዜ «አዎ» ባልኩ! የማውቀው እኮ አዎ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እግሩ ሲወላገድ፣ ምላሱ ሲኮላተፍ፣ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ሲያቅተው አላየሁም። ዓይኔ ያየውን ትቼ ሜትሬ ያለውን ነገርኳት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ጠርሙሱ ይጎድላል።»

«ከወር በኋላ ፈቃድ አለኝ፣ አንድ እሑድ እመጣለሁ» አለች። «በዓይኔ ልየው። ምን እንዳልሽኝ አትንገሪው።»

ትመጣለች ብቻ አልኩት። ጋሼ ሾርባውን እየጠጣ ነበር፤ ማንኪያውን አስቀምጦ «ልጄ? ራሷ ነው ያለችው?» አለ። በማግሥቱ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ እሑዱ ገና አንድ ወር ገደማ ሲቀረው። ቁጭ ብድግ እያለ የምታድርበትን አልጋ፣ የምትቀመጥበትን ወንበር ያስብላታል። «እሜቴን አስተዋውቃታለሁ» ይለኛል። «ልጅ ሆና ዓሣ ግዛልኝ ስትለኝ በዓሣው ዋጋ ጠጥቼበት ነበር። አሁን ታየዋለች።» እኔ ይህን ስሰማ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያቅተኝ ነበር።

ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ጠዋት፣ አሮጌው ጠርሙስ አለቀና አዲሱን ከጋዜጣው ፈታ። ዓርብም ቅዳሜም እንደ ልማዱ ትንፋሹን ይዞ ቀዳ፣ ጠብ ጠብ አደረገ፣ ጻፈ። ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ጠርሙሱ አዲስ መሆኑን አይቻለሁ። ውሃ እንዳልገባበት አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት የማስበው መቼ ልጨምርበት የሚለውን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃው ደፈረሰ። ወደ ማታ ገደማ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠረው የኮራሎቹን ቫይታሚን ነው፤ «ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ብልቃጡን ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከዚያ ባልዲ ይዞ ውሃ መቀየር ጀመረ። እኔ ባልዲ አቀበልኩት፤ ኋላ ደክሞኝ ተኛሁ። እሱ አልተኛም።

እሑድ ጠዋት ስነሣ እሜቴ ሞታለች። ጋሼ በሁለት እጁ ይዟት በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹም ከሁለት ትንንሾች በቀር አልቀዋል። ወለሉ ውሃ በውሃ ነው፣ ሸሚዙ ተጣብቆበታል። ባልዲ ሲያመላልስ ስላደረ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም ደም መስሏል። በሩ ተንኳኳ።

ልጁ ናት። ሆዷ ገፋ ብሏል፣ እጇ ላይ ትንሽ ቦርሳ አለ። ጋሼ ዓሣዋን ሰሃን ላይ አኑሮ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሣ። ጉንጩን ስማ ቀረብ ብላ አሸተተችው። ነርስ ናት፤ ታውቅበታለች።

«የባሕር ጨው ነው ልጄ» አለ፣ ለመሳቅ እየሞከረ። «ሌላ ሽታ የለኝም።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ባልዲ ሳመላልስ አድሬ ነው።»

«ዓይንህስ?»

«እሜቴ ሞታብኝ... ዓሣዋ። ላስተዋውቅሽ ብዬ ነበር።» ራሱም የተናገረው ነገር የሰካራም ወሬ እንደሚመስል የገባው መሰለኝ፤ ፈጠን ብሎ ደብተሩን ከክሩ ፈትቶ ሰጣት። «ይኸው፣ ሁሉም ተጽፏል። አንዲት ቀን አልዘለልኩም።»

እሷም እየገለጠች አነበበች፤ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። ሁለት ሲሲ ለወራት። ከዚያ አራት። ከዚያ ስድስት፣ ስምንት። ከዚያ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት። ቀኖቹንም አብራ አነበበች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ክው አልኩ። ቀኖቹን አውቃቸዋለሁ። ስምንት የሆነው መጀመሪያ ውሃ ከጨመርኩ በኋላ ነው፤ አሥራ ስድስት የሆነው ሁለተኛውን ከጨመርኩ በኋላ። እኔ ባቀጠንኩ ቁጥር ባክቴሪያው ምግብ ያጣል፣ ቆሻሻው ይጨምራል፣ ወንድሜ ውሃውን መርምሮ ጥቂት ሲሲ ያክላል። ይህ ሁሉ ከስፌት መኪናዬ አራት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ተጽፎ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ ደብተሩን ዘግታ። «ዓሣ በሦስት ወር ውስጥ ስምንት እጥፍ ሰካራም ይሆናል?»

«ቆሻሻው አልወርድ ብሎኝ ነው የጨመርኩት። ፕሮፌሰሩን ጠይቂው...»

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪኝ። ያየሽውን ተናገሪ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ የሚያየኝ እንደ ምስክሩ ነው፤ ታድነኛለች ብሎ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ እኔ ግን ብቅልም የሚያወጣው አልሆነም፤ ምላሴ ተሳሰረ። ያ መርፌ የተባለው ምላስ!

«ሻይ ላፍላ» አልኩ።

ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ውሃ ጣድኩ፣ ሦስት ብርጭቆ አጠብኩ። ስመለስ ልጁ ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ላይ ደርሳለች። ጋሼ ሆዷን እያየ «አምስት ወር?» አላት።

«ስድስት» አለች። «ስትተው ደውልልኝ።»

«ትቻለሁ እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን እርግጠኛ አልነበረም። በሩ ተዘጋ። ሦስቱ ሻይ እጄ ላይ ቀረ።

ጋሼ ተመልሶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ወተት ወደመሰለው ገንዳ ዞሮ «መርፌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳታዝኚልኝ፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«ምን?»

«ሌሊት ስነሣ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ለምን ትነሣለህ?»

«ሳስበው ነበር። አዲሱ ጠርሙስ እንደተከፈተ ገንዳው እንዲህ ሆነ። አሮጌው ቀጥኖ ነበር ማለት ነው፤ ውሃ ገብቶበታል። ሌላ መልስ የለውም። ታዲያ ውሃ ማን ይጨምርበታል?» እጁን እያየ ነበር የሚናገረው። «እንዲህ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። የአባታችንን ጠርሙስ እየጠጣሁ በውሃ ስሞላ ታስታውሻለሽ? ጠዋት ደግሞ ምንም አላስታውስም ነበር። ምናልባት ተኝቼ እየተነሣሁ እጠጣ ይሆናል መርፌ። ከሆነ ልጄ እውነቷን ነው፤ ሕፃን አጠገቤ መድረስ የለበትም።»

ሁሉንም አስቦ ደርሶበታል። እኔን ብቻ አላሰበም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነን፣ ከሁለታችን እኔ ልሆን እንደምችል ለአንዲት አፍታ በልቡ አልዞረም። ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

አጉሊ መነጽሩን ደቅኖ የተበላሸ ሰዓት እንደሚያይ አተኩሮ አየኝ። አልጮኸም። ቢጮህ እንዴት ደስ ባለኝ!

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

«ምን ምን ያህል?»

«ግማሽ፣ ግማሽ።»

እርሳሱን አንሥቶ ደብተሩ ላይ አሰላ። «ሩብ ሆኗል» አለ። «ዓርብና ቅዳሜ አራት እጥፍ ነው የሰጠኋቸው።» ከዚያ እርሳሱ ቆመ። «እና እኔ አልጠጣሁም።»

«አልጠጣህም።»

«ተኝቼም?»

«ተኝተህም።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠጣም፣ ሚስቱ ስትሄድም ሲያለቅስ አላየሁትም። አጠገቡ ሄጄ ትከሻውን ልይዝ አሰብኩ፣ ግን በየትኛው እጄ? ቆሜ ጠበቅኩት።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ።

«በሳምንት ሦስት ሚሊሜትር ነበር የሚጎድለው። ስድስት ሆነ።»

«ሜትር ይዘሽ?» አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር አየው። ጥቂት አሰበ፤ ቁጥር ሲገኝ ማስላት አይተውም። «ትርፉ አንዲት የሾርባ ማንኪያ ነው። መርፌ፣ በሳምንት አንዲት ማንኪያ የሚጠጣ ሰካራም አይተሽ ታውቂያለሽ? ስሜን አጠፋሽው እኮ! ሁለት ኮራል ገዝቼ ምግቡን ስላበዛሁ ወደ አራት ሲሲ ከፍ አደረግኩት። ተጽፏል። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ቀልዱ ቀልድ ነበር፣ የሚስቅ ግን አልነበረም። ለልጁም ጠርሙሱ ይጎድላል ብዬ እንደነገርኳት ነገርኩት፤ እሱን ደብቄ የተረፈውን ብናገር ምን ዋጋ አለው?

«ደውዪላት» አለ። «አሁን። እዚህ፣ እኔ ፊት። ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

አውቶቡስ ውስጥ ሆና አነሣችው። ከሜትሩ ጀምሬ እስከ ሻዩ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አንድ ጊዜ ስለ እሱ ተጨንቄ ነው ልል ጀመርኩና ራሴን አፈርኩበት፤ ተውኩት።

«በቀጥታ ጠየቅኩሽ እኮ አክስቴ» አለች። «ሻይ ላፍላ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«አባዬን ስጪኝ።»

ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ለመስማትም አልቆምኩም፤ ወለሉን ጠረግኩ። ሲመለስ ፊቱ እርጥብ ነው፣ ጀርባው ግን ቀና ብሏል። «በሚቀጥለው ወር ትመጣለች» አለ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አዲሱን ጠርሙስ አወጣ። አየር ሳበ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ክዳኑን ፈታና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደ።

«ጋሼ፣ አትድፋው!» አልኩ። ይህን ጠርሙስ ከቤቴ ለማስወጣት ዓመት ሙሉ ስመኝ የኖርኩት እኔ ነኝ። «አንተ እኮ አልፈራኸውም። ያሸነፍከው ነገር ነው።»

እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፍቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ አጥቦ፣ ያን ጊዜ ተነፈሰ።

«እሱንማ አልፈራሁትም» አለ። «አንቺን ፈርቼ ነው።»

ይኸው አሁን በቮድካው ፈንታ ኮምጣጤ ነው። ገንዳው ጠርቷል፣ ከኮራሎቹ ግማሾቹ ተርፈዋል፣ ሁለቱ ትንንሽ ዓሣዎችም እኔ ስጠጋ አይሸሹኝም፤ ገና አላወቁኝም። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ትንፋሹን ሳይዝ ይቀዳል፣ ይጽፋል። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ወደ ስፌት መኪናዬ መጥቶ እጁን ይዘረጋል፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እሰጠዋለሁ። ጠርሙሱን እኔ እንደማደርገው ከታች እስከ ፈሳሹ ይለካል፤ ክፋት የለውም፣ አይቆጣም፣ አይሳለቅም። ስንት ሚሊሜትር እንደጎደለ ጮክ ብሎ ይነግረኝና እሺ ጋሼ እስክለው ይጠብቃል። ሲናገረኝ አባታችን ባወጣልኝ ስም ነው የሚጠራኝ። ከዚያች እሑድ ወዲህ አንድም ቀን መርፌ ብሎኝ አያውቅም። ሜትሩን ተቀብዬ አንገቴ ላይ እመልሰውና ስፌቴን እቀጥላለሁ።